የጋሽ ደምሰው ርክክብ

የጋሽ ደምሰውን ሞት የነገረችኝ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ራሷ ናት። ዳላስ ዳርቻ ሳክሲ በምትባል ከተማ፣ ከቤቴ አጠገብ ካለው ማደያ ነዳጅ እየቀዳሁ ስልኬ ጠራ። «ሄኖክ፣ ደምሰው ዛሬ ንጋት ላይ አረፈ» አለችኝ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ሥቃይ አልነበረበትም፤ አጠገቡ ነበርኩ። ቀብሩ ሐሙስ ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሰው ይመጣል፤ ቤት ያለው ወንበር ስድስት ነው። ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አርባ ወንበር ታመጣልኛለህ። ቁልፉ ዲያቆኑ ጋ ነው፤ ነግሬዋለሁ። ተረከብ።»

ስልኩን ግን አልዘጋችም። ምን እንደምትጠብቅ አውቅ ነበር፤ አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ግንባሬን የመኪናው ጣሪያ ላይ ደፍቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ጥቂት ታገሠችኝና «በል አይዞህ፣ እግዜር ያጽናህ» ብላ ዘጋች። ባል የሞተባት እሷ፣ የምጽናናው እኔ።

ወሬው ሲዳረስ ብዙ ሰው ቅር አለው። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሳይደውሉ በር ያንኳኳሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ትያዛለች፣ ትደገፋለች እንጂ ስም ዝርዝር ይዛ በተራ በተራ አትደውልም። እነሱ የሚኖሩባት የሜስኪት ከተማ ሴቶች ደንግጣ ነው አሉ። አንዷማ ድሮም እንባዋ ሩቅ ነበር አለች አሉ። እኔ የሰማሁትን ስለማውቅ ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። ይህን የምጽፈውም ስለ እሳቸው ለመናገር ነው፤ ግን ስለ እሳቸው ተናግሮ እሷን መተው አይቻልም።

ጋሽ ደምሰውን ያወቅኋቸው በዲቪ በመጣሁ በሦስተኛው ወር ነው። ኤርፖርት፣ ከመኪና ማቆሚያው ተሳፋሪ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ ላይ ተቀጠርኩ። አንዱን አውቶቡስ ጠዋት እሳቸው፣ ከሰዓት እኔ እንነዳዋለን። በመጀመሪያው ቀን ቁልፉን ለመቀበል እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። አጭር፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ሰው ናቸው። በሩ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙና እንደ ጸሎት በአንድ ድምፅ ጀመሩ። «ነዳጅ ከግማሽ በታች። የኋላው ግራ ጎማ ነፋስ ይቀንሳል። የዊልቸሩ መወጣጫ ሲወርድ ይይዛል፤ ሁለት ጊዜ ተጫነው። ሦስተኛው ወንበር ላይ የተረሳ ኮት አለ። ተረከብ።»

«ኦኬ» አልኳቸው።

«ኦኬ መልስ አይደለም። ያልኩህን ድገምና ተረክቤያለሁ በል።»

በዚህ ዕድሜዬ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየደገምኩ ቁልፍ ስቀበል፣ ሽማግሌው ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል ብዬ በልቤ ደመደምኩ። ሌሎቹ ሾፌሮችም አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። አንዱ «ታገሠው፤ ለሚስቱም ማንኪያ ሲያቀብላት እንደዚያ ነው» ብሎ አስቆኝ ነበር። ያ ቀልድ እውነት እንዳልሆነ፣ ይልቅ ችግራቸው ሁሉ እዚያ ላይ እንደነበረ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጆሮዬ ላይ ዘፈን ሰክቼ፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያየሁ ተረክቤያለሁ አልኩ። በዚያው ከሰዓት አንዲት በዊልቸር የምትሄድ ሴት መወጣጫው ላይ እንዳለች መሣሪያው ቆመ፤ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብላ ተንጠለጠለች። ጋሽ ደምሰው ሲያስረክቡኝ መወጣጫውን ጨርሶ እንዳልነካው ነግረውኝ ኖሯል። ሴትዮዋ በረራዋ አመለጣት። አለቃችን ሲጠራን ሥራዬን ማጣቴ ነው ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን ቀድመውኝ ገብተው በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። ስንወጣ ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «እውነት ስለሆነ ነዋ» አሉኝ። «መስማትህን ሳላይ ቁልፍ ሰጠሁህ። መናገር ብቻውን ማስረከብ አይደለም።» ከዚያ ቀን በኋላ ዘፈኑን አውጥቼ ሰማኋቸው።

ይህ ልማድ ከባሕር የመጣ ነው። ወጣትነታቸውን ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ መሪ ያዥ ሆነው አሳልፈዋል። ጦርነቱ መጣ፣ መርከባቸው ወደ ማዶ ተሻገረች፣ ከስንት የስደት ዓመት በኋላ እሳቸውም ዳላስ ላይ አረፉ። በዓለም ላይ መርከበኛ የማይፈልግ ከተማ ቢፈለግ ዳላስ ነው። ባሕሩ በመኪና አምስት ሰዓት ይርቃል። እሳቸው ግን ጠዋት ከመኪናቸው ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያዩት የመኪና መሸጫዎቹን ትልልቅ ባንዲራ ነበር። «ነፋሱ ዛሬ ከደቡብ ምሥራቅ ነው» ይላሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። የስልኬን ቻርጀር ተተብትቦ ካዩ ዝም ብለው አያልፉም፤ ፈትተው በሥርዓት ጠምጥመው ይመልሱልኛል።

ሌላው ሰው ትራክ ሲገዛ፣ ሌላው ሁለተኛ ቤት ሲጨምር፣ ጋሽ ደምሰው አንዲት ያረጀች ባለሸራ ጀልባ ገዙ። ከሜስኪት ብዙም በማይርቀው ሐይቅ ላይ አሰሯት። ጎኗ ላይ በገዛ እጃቸው በአማርኛ «ሙሉ» ብለው ጻፉባት። እትዬ ሙሉ ስታየው «ሌላው ለሚስቱ ወርቅ ያስራል፤ የኔው ስሜን ወስዶ ውሃ ላይ ጣለው» አለች። እሷን በአንቱ ጀምሬ ነበር፤ አታስረጀኝ ብላ ከለከለችኝ። ረጅም፣ ደርባባ፣ ተረብ የምትወድ ሴት ናት። ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርታለች። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

አንድ ከሰዓት ተራ ስንለዋወጥ ጋሽ ደምሰው ቁልፉን ይዘው ከአውቶቡሱ አልወረዱም። በዋዜማው ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። ልባቸው ደክሟል፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ያስረዝማል እንጂ ልቡን አዲስ አያደርገውም ብለዋቸዋል። እንደ ጎማው፣ እንደ ነዳጁ ነገሩኝ። ከዚያ ያሉትን ግን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ሄኖክ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተራዬን ሳላስረክብ ከቦታዬ ተነሥቼ አላውቅም። ቤቴን ግን ለማንም አስረክቤ አላውቅም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ሙሉ ሰነፍ አይደለችም፤ የሆስፒታሉን ኩሽና ብቻዋን ታንቀሳቅሳለች ይባላል። ቤቷ ስትገባ ግን ፖስታ አትከፍትም፣ ለመብራት ኃይል አትደውልም፣ ሃይዌይ ላይ አትነዳም፤ ሥራዋ የምትሄደው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞራ ነው። ላድርገው ባለች ቁጥር ጋሽ ደምሰው «ተዪው፣ እኔ አለሁ» ይሏታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ አለሁ። ይህን ያደረጉት በፍቅር ነው፤ አሁን ግን አንድ ማለዳ እሳቸው ከሌሉ እሷ የጓሮውን መብራት ማብሪያ እንኳ የት እንዳለ የማታውቅበት ቤት ውስጥ ልትቀር ነው። ይህ ነበር የሚያስጨንቃቸው። ሞታቸውን ሲያነሡ እንኳ አልሰማኋቸውም።

«ታዲያ ቁጭ ብለው ያስተምሯት፣ ጋሼ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤት ውስጥ አይሆንም አሉኝ፤ ገና ስትጀምር እጃቸው ይቀድማታል። ባሕር ላይ ግን አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማደር አይችልም፤ ወደደም ጠላም ለሌላው መስጠት አለበት። ሐሳባቸው ይህ ነበር። ከጋልቭስተን ወደብ ወጥተው፣ የባሕሩን ዳር ይዘው፣ አንድ ሌሊት ተጉዘው ጠዋት ፍሪፖርት መግባት፤ ሁለቱ ብቻ፣ በየሦስት ሰዓቱ ተራ እየተቀያየሩ።

ያንን በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ላይ ተለማመዱ። እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ አብሬ ወጥቻለሁ። እትዬ ሙሉ የሕይወት አድን ጃኬቷን ከነጠላዋ በላይ አጥልቃ፣ እመቤቴን እየጠራች መሪውን ትይዛለች። የመሪው እንጨት አሠራሩ ተንኮለኛ ነው፤ ወደ ግራ ሲገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ስለዚህ ከአንድ ነገር ለመሸሽ መሪውን ወደዚያው ወደምትፈሪው ነገር መግፋት አለብሽ ይሏታል። እሷ ግን ምሰሶ ባየች ቁጥር ደንግጣ እንጨቱን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ጀልባዋም ቀጥ ብላ ወደ ምሰሶው ትሄዳለች። ያኔ ጋሽ ደምሰው ከእጇ ይነጥቋታል። አንድ ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ነጠቋት። በሦስተኛው እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ «ትሰጠኛለህ፣ መልሰህ ትነጥቀኛለህ። ወይ ስጠኝ፣ ወይ ተወኝ» አለቻቸው። እኔ የሐይቁን ማዶ የማይ መሰልኩ።

ልባቸው የደከመ ሰው እንዴት ባሕር ላይ ያድራል ብዬ አልተኛሁም። ለብቻዋ አግኝቻት ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልኬ ላስተዋቸው ወይ አልኳት። ሳቀችብኝ። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሳ እንጂ ቁጭ አትበል አላለውም አለች። ከዚያ ሳቋን ተወችና «ሄኖክ፣ ለምን እንደሚወስደኝ የማላውቅ ይመስልሃል?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም ሽማግሌውን ተውኩት።

በመስከረም መጨረሻ፣ ሙቀቱ ረገብ ሲል፣ ጀልባዋን ከኋላ ጎትቼ አምስት ሰዓት ነድቼ ጋልቭስተን አደረስኳቸው። ምግብ ይበቃል ወይ ብዬ መጠየቄ ሞኝነቴ ነው፤ እትዬ ሙሉ ለአንድ ሌሊት የያዘችው ዳቦ ቆሎና ጥብስ ለሠርግ ይበቃ ነበር። ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሸራው ተሰቀለ። ጋሽ ደምሰው ዳር ላይ ቆሜ ሳለሁ እኔንም አልረሱኝም። «መኪናው ያንተ ነው። ነገ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ፍሪፖርት ጠብቀን። እስከ ቀትር ካልመጣን ለባሕር ጠባቂዎቹ ትደውላለህ፤ ቁጥሩ የመኪናው መሪ ሥር ተለጥፏል። ተረከብ።» ድገም ሳይሉኝ ደገምኩላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁም። ሁለቱም ለየብቻቸው ነግረውኛል። የሚለያዩት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ እሳቸው ማዕበሉ ትንሽ ነበር ይላሉ፣ እሷ ቤት ያክል ነበር ትላለች።

የመጀመሪያውን ተራ ጋሽ ደምሰው ያዙ። ነፋሱ በግራ በኩል ከባሕሩ ይመጣል፤ የባሕሩ ዳር መብራት በቀኝ ይታያል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሥርዓት አስረከቧት፤ አቅጣጫውን፣ ነፋሱን፣ ከፊት የሚታየውን የዓሣ አጥማጅ ጀልባ መብራት። እሷም ደግማ ተረክቤያለሁ አለች። ሰውየው ግን መቼ ተኙ። ከታች ካለችው ጠባብ ክፍል መግቢያ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን አውጥተው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ እጇን ሲጠብቁ አመሹ። «ጀርባዬን በዓይኑ በላው» አለችኝ እትዬ ሙሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ የእሳቸው ተራ ሆነ፤ እሷ ገብታ ተኛች።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊቀሰቅሷት ይገባ ነበር። ሰዓታቸውን አዩ፤ ባትሪ አብርተው እሷንም አዩዋት። ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ፣ ጫማዋን እንዳደረገች እንቅልፍ ወስዷታል። እሳቸው ሲነግሩኝ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «አንጀቴ አልችል አለ። ትንሽ ትተኛ አልኩ።»

እኛ ይህን ጥፋት አንለውም። የተኛ ሰው አይቀሰቀስም፤ ደክሞታል ይተኛ ይባላል፤ እንግዳ ከሆነ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። ሥራ ቦታ ስንቱን ጓደኛችንን ይተኛ ብለን ተራውን ሸፍነንለታል። ኤርፖርት ውስጥ ይህን የማይሠሩት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። «የሰውን ተራ መሸፈን ማዘን አይደለም፣ መንጠቅ ነው» ይሉን ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ደንብ ባሕር ላይ፣ ሚስታቸው ላይ፣ በርኅራኄ ጣሱት።

አሥር ሰዓት አካባቢ መድኃኒቱም ድካሙም ተባብረው፣ መሪውን ብብታቸው ሥር እንዳደረጉ ተኙ። ጀልባዋ ጠባቂ ስታጣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ፣ ወደ ባሕሩ አዞረች። እትዬ ሙሉን የቀሰቀሳት የሸራው መርገብገብ ነው። ወጥታ ብታይ፣ ከፊት በስተግራ ባሕሩ መሃል በብረት እግሮች የቆመ የነዳጅ ማውጫ አለ፤ መብራቱ እንደ ከተማ፣ ጡሩምባው በየጥቂቱ ያገሣል። ውሃው ወደዚያው እየገፋቸው ነው። ትከሻቸውን ይዛ ወዘወዘቻቸው። ጋሽ ደምሰው ነቁ፤ ግን ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፣ የት እንዳሉ ጠፋቸው። ያም ሆኖ እጃቸው መሪውን ፈለገ። እሷ ቀድማ ይዛው ነበር። እሳቸውም ያዙት። ባልና ሚስት በአንድ እንጨት ተሳሳቡ።

«ደሜ» አለቻቸው፣ «ተራው የኔ ነው። አስረክበኝ።»

መጀመሪያ እንጨቱን አልለቀቁም። እሷም ጡሩምባው እያገሣ፣ የብረቱ እግር እየቀረበ፣ መልሳ አስረክበኝ አለቻቸው። ያኔ እጃቸውን ለቀቁና፣ በዚያ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ እንደ አውቶቡሱ በር ላይ ጀመሩ። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ነው። የነዳጅ ማውጫው በግራ ነው። መንገዳችን ወደ ቀኝ ነው። ተኝቻለሁ፤ ለምን ያህል እንደተኛሁ አላውቅም። እሷ አንድ በአንድ ደገመችላቸው፤ ተኝተሃልንም ደገመች። «ተረክቤያለሁ» አለችና እንጨቱን በሁለት እጇ ወደ ግራ፣ ወደዚያ ወደምትፈራው የብረት ክምር ገፋችው። ጀልባዋ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ሸራው ነፋስ ያዘ። ሲያልፉት በብረቱ ላይ የሚሄድ ሰው ቆቡ ሳይቀር ታይቷት ነበር።

ከዚያ ወደታች ውረድና ተኛ አለቻቸው። ወረዱ፤ ተኙም። አንገታቸውን አላወጡም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ግን፣ አንድ ደቂቃ ሳታሳልፍ፣ ተራህ ደርሷል ብላ ቀሰቀሰቻቸው። አላዘነችላቸውም። ከሌሊቱ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ጋሽ ደምሰው ቀና ብለው አዩዋትና አቅም የለኝም፣ አንቺ ቀጥይ አሏት። «ሠላሳ ዓመት ስንኖር አንቺ ቀጥይ ብሎኝ አያውቅም» አለችኝ።

እኔ በዚያን ሰዓት ፍሪፖርት የድንጋዩ ግድብ ጫፍ ላይ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። አሥራ ሁለት ሆነ፣ አንድ ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ስልካቸው አይሠራም። ሲነጋ ነፋሱ መውደቁን እኔ የት አውቄ። ለባሕር ጠባቂዎቹ ልደውል ስልኬን ሁለት ጊዜ አውጥቼ መልሼ ከተትኩ፤ እስከ ቀትር ብያለሁ፣ ተረክቤያለሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ያቺ ነጭ ሸራ በሁለቱ ግድቦች መሃል ብቅ አለች። መሪውን የያዘችው እትዬ ሙሉ ናት፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ አስራ። ጋሽ ደምሰው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ምንም አልያዙም። እሳቸውን ባዶ እጃቸውን ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት አደራችሁ?» ብዬ ጮህኩ።

«እሷን ጠይቅ» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ኋላ እያመለከቱ። «ተረኛዋ እሷ ናት።»

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ኖሩ። በየምሽቱ አንድ ነገር ብቻ ያስረክቧት ነበር፤ አንድ ቀን የመብራት መቆጣጠሪያውን፣ አንድ ቀን የኢንሹራንሱን ደብዳቤ፣ አንድ ቀን የውሃ ማሞቂያውን። እጃቸው ሊቀድም ሲል «ደሜ» ትላቸዋለች፤ ይሰበስቡታል። አንድ እሑድ ከአርሊንግተን ሠርግ ስንመለስ በሃይዌይ የነዳችን እሷ ናት። ጋሽ ደምሰው ከጎኗ ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ቀበቶዬን ጨብጬ ዳዊት እደግም ነበር።

ከቀብሩ ማግስት፣ ሳሎኑ በሰው እንደተሞላ፣ እትዬ ሙሉ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና የመጨረሻውን ሌሊት ነገረችኝ። ሆስፒታል ገብተው፣ አልጋው ላይ ዓይናቸውን አልከድንም ብለው ነበር። ነርሶቹ ያመማቸው ነገር አለ ብለው ተጨነቁ። እሷ ግን የአልጋውን ብረት እንዴት እንደጨበጡት አይታ ገባት። ወንበሯን አስጠግታ ተራው የኔ ነው፣ አስረክበኝ አለቻቸው። የጓሮው በር መዝጊያ ልል ነው አሏት። የመኪናሽ ዘይት በሚመጣው ወር ይቀየራል። የጀልባዋ የኋላ ገመድ አርጅቷል፣ ሄኖክ ይቀይረው። የጎረቤቱን መሰላል አልመለስኩለትም።

«ሌላስ? አልኩት» አለችኝ። «ረጅም ጊዜ አሰበ። ሌላ የለም አለኝ። ሁሉንም ደገምኩለት ሄኖክ፣ መሰላሉን እንኳ አልረሳሁም። ተረክቤያለሁ፣ ተኛ አልኩት። ያኔ ብረቱን ለቀቀ።»

ያኔ አለቀሰች። ሴቶቹ ሩቅ ነው ያሉት እንባ ያ ነው። እኔም ማደያው ላይ አፌ ውስጥ የቀረውን ቃል አወጣሁት። «እትዬ ሙሉ፣ ተረክቤያለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ወንበሩን። ገመዱንም።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ሰዉ ተመለከተች። «ገመዱን እሺ። ወንበሩን ግን በደንብ አላስረከብከኝም» አለች። «የሁለቱ ወንበሮች እግር ልል ነው፣ አልነገርከኝም። አንድ ሽማግሌ ትናንት ሊወድቁ ነበር።»

ተነሣሁና በሰው መሃል እየዞርኩ ሁለቱን ወንበሮች ፈልጌ አወጣኋቸው።